የፋይበር ፓራውልት በፊያት 124 ስፓይደር ላይ፦ ግራ ጫፉ 14 ሚሊ ሜትር ይርቃል (ጎንደር)

ፒያሳ124

ሰላም ለዚህ ቤት። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1978 ፊያት 124 ስፓይደር ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው፣ ትልልቅ ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) ያለው። እነዚያ ይወርዱና በምትካቸው የመጀመሪያዎቹን ሞዴሎች ቅርጽ የያዘ የፋይበር ግላስ ፓራውልት ከፊትም ከኋላም ይገባል። ዕቃው ደርሷል። ነጭ ጀልኮት (የፋይበሩን ፊት የሚሸፍን ጠንካራ ሽፋን) የለበሰ ነው፣ አንድም ቀዳዳ የለውም፣ ማሰሪያ ብረትም አብሮት አልመጣም።

የፊተኛው በጣውላ ተደግፎ ቦታው ላይ ሲለካ ግራ ጫፉ ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው ላሜራ) 14 ሚሊ ይርቃል፣ ቀኙ 2 ሚሊ ብቻ። ውፍረቱ ጠርዙ ላይ 2 ሚሊ፣ መሃሉ ላይ 3.5 ሚሊ ነው። ፀሐይ ላይ ሲያዝ አንዳንድ ቦታው እንደ ፋኖስ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል።

ጥያቄዎቼ፦ ጫፉ እንዴት ይገባል? ብረቱ በምን ይያዝ? የሳሳው ቦታስ በዚህ በሐምሌ ዝናብ ጎንደር ላይ ሬዚን (ፋይበሩን አርሶ የሚጠነክረውን ፈሳሽ) ይቀበላል ወይስ መስከረምን ልጠብቅ?

የማራኪ_ባትላሜራ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ትራፓኑን አስቀምጠው። የፋይበር ፓራውልት ተበስቶ አይሞከርም፤ ተሞክሮ፣ ተሞክሮ፣ በመጨረሻ ነው የሚበሳው።

14 እና 2 ስላገኘህ ፓራውልቱን ጠማማ አትበለው። ሁለቱ ክፍተቶች ሲደመሩ 16 ናቸው። ሙሉውን 6 ሚሊ ወደ ቀኝ ብታስኬደው በሁለቱም በኩል 8 ይሆናል። የምትፈልገው 5 ሚሊ ከሆነ ከየጎኑ የሚቀርህ 3 ሚሊ ብቻ ነው። 14 ሚሊ በሬዚንና በስቱኮ (ጉድለት በሚሞላው ሊጥ) ልትሞላ ተነስተህ ከሆነ እንኳን አልጀመርክ። ከ5 ሚሊ በታች ግን አትውረድ፤ ፕራይመርና ቀለም ሲደራረብበት፣ መንገዱም ሲያንቀጠቅጠው የፓራፋንጎውን ቀለም ይበላዋል።

መሃሉን ከፓራፋንጎ ወይም ከኮፈን አትውሰድ። የዚህ ዕድሜ መኪና ፓራፋንጎ ስንቴ ተቀጥቅጦ እንደተቃና ማንም አያውቅም። ሻሲው ላይ ግራና ቀኝ እኩያ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ፈልግ፣ ከሁለቱም ቱንቢ ወደ ወለል አውርድና በጠመኔ ምልክት አድርግ። የሁለቱን እኩሌታ ያዝ። ኋላም እንዲሁ አድርግና ሁለቱን ነጥቦች በሲባጎ አገናኛቸው። ፓራውልቱ ላይ ደግሞ ከጫፍ ጫፍ በጨርቅ ሜትር ለክተህ እኩሌታውን በፕላስተር ምልክት አድርግበት። ሁለቱ ምልክቶች ሲገጥሙ ያኔ ስለ ክፍተት እናወራለን። የአራቱም ጎማ ነፋስ እኩል ይሁን፣ ወለሉም ደልዳላ ይሁን (ጎንደር ላይ ደልዳላ ወለል ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አውቃለሁ)።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የአሜሪካው ፓራውልት የሚቀመጥበት ሾክ መሳይ ሲሊንደር አለ። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ግጭት እንዲውጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ውስጡ በግፊት የታመቀ ነገር ሊኖር ስለሚችል በግራይንደር አይቆረጥም፣ በእሳት አይሞቅም፣ አይበሳም። ቡሎኑ ከዛገ ቡሎኑን ብቻ ፍታው ወይም ቁረጠው፤ ሲሊንደሩን እንዳለ አውጣው።

ሬዚን_በሚዛን

ስለ ሳሳው ቦታና ስለ ክረምቱ ልመልስ።

ባለ 450 ግራም ማት (ክሩ ተከታትፎ የተነጠፈው፣ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው) አንድ ንብርብር በሬዚን ሲርስ 1 ሚሊ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ጠርዝህ ሁለት ንብርብር ነው ማለት ነው። ለጠርዝ ያን ያህል አይከፋም። ቡሎን ለሚያርፍበት ቦታ ግን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ያስፈልጋል፤ እዚያ ሦስት ንብርብር ጨምር። ሙሉውን ጀርባ አታወፍር። ክብደት ትጨምራለህ፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ሬዚን ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቀጥ ብሎ የመጣውን ፓራውልት ወደ ውስጥ ይጎትተዋል።

ጀርባው የሚያንጸባርቅ ከሆነ ሰም ያለበት ማጠናቀቂያ ተቀብቷል። በላዩ የሚለጠፍ ፋይበር አይይዝም፤ ከወር በኋላ በጥፍርህ ስትስበው እንደ ቴምብር ተላቆ ይመጣል። በ60 ወይም በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ ክሩ እስኪታይ ድረስ ፋቀው። አቧራውን አራግፍ፣ በአሴቶን በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረገው፣ አሴቶኑ ፈጽሞ እስኪተን ጠብቅ። ከፋቅከው በኋላ በባዶ እጅ አትንካው።

ሬዚን በክብደት ከማቱ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ነው። ማሰሪያዎቹ ያሉበት ቦታ ሁሉ ተደምሮ 0.3 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በሦስት ንብርብር 405 ግራም ማት፣ 930 ግራም ገደማ ሬዚን ይወስዳል። ባልዲ ሙሉ የሚገዛ ሰው ካለ ለሮቶ ማደሻ ነው እንጂ ለፓራውልት አይደለም።

ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ኬሚካል) በሚዛን ወይም ከፋርማሲ በሚገዛ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ይለካል፤ በቡሽ ክዳን አይለካም። ለ500 ግራም ሬዚን 1.5 ከመቶ ማለት 7.5 ግራም ነው፤ በሲሪንጅ 7 ሚሊ ሊትር ገደማ። ከ1 ከመቶ በታች ብታደርገው ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጠነክርም። ከ2 ከመቶ በላይ ስትወጣ ደግሞ በፍጥነት ይይዝሃል፤ ትርፉ ሃርድነርና የተበጠበጠበት ፈሳሽ ግን ውስጡ ቀርቶ ያላላዋል። ቅዝቃዜን በሃርድነር ብዛት ማሸነፍ አይቻልም፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ ከ500 ግራም በላይ አትበጥብጥ፤ ጠባብና ጥልቅ ዕቃ ውስጥ አትተወው፣ በራሱ ሙቀት ይጨሳል። ሰፊ ትሪ ላይ ካፈሰስከው ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጥሃል።

ሬዚኑ ኮባልት (መጠንከሩን የሚያፋጥን ኬሚካል) ያልገባበት ከሆነ ኮባልቱን መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር ፈጽሞ አዋህድ፤ ሃርድነር የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ኮባልትና ሃርድነር በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ እንኳ ጎን ለጎን አታስቀምጥ።

ወደ ክረምቱ ስንመጣ ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ናት፤ ሐምሌ ላይ ጠዋት ቆርቆሮው ራሱ እጅ ያቀዘቅዛል። ፖሊስተር ሬዚን (እስካሁን ያወራነው ዓይነት) ከ15 ዲግሪ በታች አይሠራበትም፤ 18 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደስ ይለዋል። አየሩ ብቻ ሳይሆን ሬዚኑም፣ ማቱም፣ ፓራውልቱም መሞቅ አለባቸው። ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አሳድር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ጀምር፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይመጣ ጨርስ። ማቱን ከገዛህበት ቀን ጀምሮ በላስቲክ ጠቅልለህ አስቀምጥ። እርጥበት የጠጣ ማት ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ይተውልሃል፤ እሱ ያልያዘ ቦታ ነው፣ ተፍቆ ይነሳል።

እና እባካችሁ፣ ክፍል ለማሞቅ ከሰል አታያይዙ። የሬዚን ተን ይቀጣጠላል። ከያዘ በኋላ በላስቲክ ድንኳን ሸፍኖ የድሮውን ዓይነት ባለ 100 ዋት አምፖል ራቅ አድርጎ ማብራት ይበቃል። ስለዚህ መስከረምን መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ ቀለሙን ግን ብታቆየው ጥሩ ነው። ስለ እሱ የሚያውቅ ይጻፍ።

አንጋፋ_ሞተር

ይህን ሁሉ ጣጣ ኢፖክሲ (ሌላው የሬዚን ዓይነት) ይገላግላችሁ ነበር። ሽታው ያነሰ ነው፣ ብዙም አይኮማተርም፣ ያለ ልክ ይይዛል። ያንኑ ማት በኢፖክሲ ቢያርሰው ምን ይጎዳዋል?

ሬዚን_በሚዛን

ጋሼ፣ ስለ አያያዙ ልክ ነዎት፤ ያረጀ ፖሊስተር ላይ ኢፖክሲ ከፖሊስተር የተሻለ ይለጠፋል። ችግሩ ማቱ ላይ ነው። የተከታተፈውን ክር አንድ ላይ ያያያዘው ሙጫ የሚሟሟው ፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ባለው ስታይሪን በተባለ ማሟሟያ ነው። ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን የለም፤ ስለዚህ ማቱ እንደ ካርቶን ደርቆ ይቀራል፣ ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ ውስጡ አየር ይይዛል። ኢፖክሲ የሚጠቀሙ ከሆነ ማቱን ትተው የተሸመነውን ጨርቅ ይውሰዱ።

ሌላው፣ ኢፖክሲ በእርጥብ አየር ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። በሳሙናና በውሃ ሳይታጠብና ሳይፋቅ ስቱኮ ከተደረገበት ስቱኮው ሥሩ ላይ ሳይደርቅ ይቀራል። አንዴ ኢፖክሲ ያረፈበት ቦታ ላይ ፖሊስተር ሬዚን አይመለስም፤ መጀመሪያ መወሰን ነው።

ፒያሳ124

ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ቱንቢው ወርዶ ተለክቷል። መሃሉ 6 ሚሊ ወደ ግራ ሄዶ ነበር፤ ልክ እንደተባለው 8 እና 8 ሆነ። ምክንያቱም ታውቋል፤ በግራ በኩል ሻሲው ጫፍ ላይ ያለው ማረፊያ ላሜራ ወደ ውጭ ተጣሞ ነው።

አሁን ሌላ ነገር ታየ። ሲመጣጠን የግራው ማዕዘን የላይኛው ጠርዝ ከቀኙ 9 ሚሊ ዝቅ ይላል። እንደተጠማዘዘ ቁርበት ነው። በእጅ ሲነሳ ይመጣል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል።

የማራኪ_ባትላሜራ

ማረፊያውን አስቀድመህ አቃና፤ በተጣመመ ብረት ላይ የተስተካከለ ፋይበር ኋላ ብረቱ ሲቃና እንደገና ይጣመማል።

9 ሚሊ ጥምዘዛ የሚመጣው ሳይጠነክር ከፎርማው (ቅርጹን ከሚሰጠው ማውጫ) ከወጣ ወይም ለወራት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ከቆመ ነው። ሁለት መንገድ አለ። ሙቀት የመጀመሪያው ነው፦ ፓራውልቱን ትክክለኛው ቦታ ላይ በሞርሴቶ (በመቆንጠጫ) ያዝ፣ ጣውላና ጨርቅ ከሥሩ አድርግ። ጠማማውን ማዕዘን ከሚፈለገው 3 ሚሊ ገደማ አልፎ እንዲሄድ አስገድደው፤ ሲለቀቅ ትንሽ ይመለሳልና። ከዚያ በሙቅ አየር ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከጀርባው አሙቅ፤ እጅ አሳርፈህ መቆየት የማትችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ አቁም፣ እንደታሰረ ያድር። ቢጫ ከሆነ ወይም ከሸተተ አልፈሃል።

በዚህ 4 ወይም 5 ሚሊ ይቃናል። ለ9 ሚሊ ግን ተስፋ አላደርግም፤ ዕቃው አርጅቶ ከጠነከረ ለጊዜው እሺ ይልህና ፀሐይ ላይ ሲቆም ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ መቁረጥ ነው፤ ከዚህ አትፍራ።

ፓራውልቱን የሚያጠነክረው ወደ ውስጥ የታጠፈው ከንፈር ነው። ከማዕዘኑ ጀምረህ የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈር በየ40 ሚሊው ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የሴጌቶ ምላጭ ሰንጥቅ፤ ከአራት እስከ አምስት ስንጥቅ በየጠርዙ። ፊቱን አትንካ፤ ስንጥቁ ከጥግ 5 ሚሊ ሲቀረው ይቁም። ከንፈሩ ሲለቀቅ ፊቱ ያለ ግትርነት ወደ ቦታው ይሄዳል። መኪናው ላይ በሞርሴቶና በፕላስተር አስተካክለህ ያዝ፣ ክፍተቱን ከላይም ከጎንም ለካ፤ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ የተስተካከለ አይቆጠርም። ከጀርባ ስንጥቆቹን በትናንሽ ማት ቁርጥራጮች ለጊዜው ስፋቸው፣ ሲጠነክር አውርደህ ሙሉ አድርገህ ሥራው፦ ከስንጥቁ በሁለቱም በኩል 50 ሚሊ ፋቅ፣ ሦስት ንብርብር፣ እያንዳንዱ ከታችኛው ሰፋ እያለ።

ከመኪናው ጋር ሆኖ ሬዚን ሲነካ ቀለሙና መብራቱ በላስቲክ ይሸፈን። የደረቀ ሬዚን ከፓራፋንጎ ላይ የሚወርደው ከነቀለሙ ነው።

አዘዞ_በር

የማሰሪያውን ብረት ነገር ማንም አልነካውም፣ እኔ ልበለው።

ፋይበር በአንድ ነጥብ መጠበቅ አይወድም። ቡሎን አስገብተህ በትንሽ ሮንዴላ ብታጠብቀው ከጀልኮቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል፤ ዛሬ ካልወጣ የመጀመሪያው ኮብልስቶን ላይ ይወጣል። ስንጥቁ ከኋላ ኃይል እንደመጣበት ያሳያል፤ ከፊት ስቱኮ ብትቀባው ተመልሶ ይመጣል።

ፊቱ ላይ ቡሎን እንዳይታይ ከፈለግህ እንዲህ ይሠራል። 3 ሚሊ ላሜራ 60 በ60 ቁረጥ፣ ማዕዘኑን አክብበው፣ ዙሪያውን ስምንት ወይም አሥር ባለ 8 ሚሊ ቀዳዳ ብሳ (ሬዚኑ በቀዳዳው አልፎ እንዲቆልፈው)፤ መሃሉ ላይ ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ከነራሱ አስበይድ። ብየዳው ከቀዘቀዘ በኋላ ዝገቱና ቅባቱ እስኪጠፋ በ40 ቁጥር ፋቅና በዚያው ቀን ልጠፈው። ከሥሩ አንድ ንብርብር እርጥብ ማት አንጥፍ፣ ብረቱን አሳርፍ፣ ጠርዙን በሬዚንና በተከታተፈ ክር ሊጥ አለዝበው፣ በላዩ ሦስት ንብርብር ከብረቱ 50 ሚሊ እያለፈ። ደረቅ ብረት በቀጥታ ጀርባው ላይ ከተለጠፈ ካሬው ከፊት በቀለሙ ውስጥ ይታያል። በደንብ ያልተሸፈነ ብረት ደግሞ ይዝጋል፤ ዝገት ያብጣል፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ፋይበሩን ፈልቅቆ ይወጣል።

ለፊተኛው አራት፣ ለኋለኛው አራት እንዲህ ያለ ባለ ቡሎን ላሜራ ይበቃል። ከዚያ ወደ ሻሲ የሚሄደው ብረት 4 ሚሊ ውፍረት፣ 40 ሚሊ ስፋት ያለው ሆኖ በአንዱ ጫፍ ቁመቱ፣ በሌላው ጫፍ አግድሙ 20 ሚሊ የሆነ ረጅም ቀዳዳ ይኑረው። ወደ ላይም ወደ ጎንም የማስተካከል ዕድል የሚሰጥህ እሱ ነው። በፋይበሩና በብረቱ መካከል የጎማ ሮንዴላ፣ ዳዶውም ባለ ናይሎን ይሁን፤ ጎማው ትንሽ ሲጨመቅ አቁም። "እስኪበቃው" የሚባለው የጋራዥ ልማድ እዚህ አይሠራም።

ጫፎቹን ከፓራፋንጎው ጋር የምታስር ከሆነ ቀዳዳው ክብ አይሁን። ፋይበር በሙቀት ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል። መኪናው 1.6 ሜትር ስፋት አለው፤ ከጠዋት ብርድ እስከ ቀትር ፀሐይ የፓራውልቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ቢለያይ 1 ሚሊ ያህል ልዩነት ይመጣል። ጥቁር ቀለም ከሆነ ይብሳል። ስለዚህ መሃሉን ጠበቅ፣ ጫፎቹን ደግሞ ላላ ባለ ረጅም ቀዳዳ።

መብሳት ካለብህ፦ ከጀልኮቱ በኩል፣ ፕላስተር ለጥፈህ፣ በ3 ሚሊ ፑንታ ጀምረህ፣ ከጀርባ ጣውላ ደግፈህ፣ በዝግታ። ከጀርባ የተበሳ ሁሉ ፊቱን እያፈረፈረ ነው የሚወጣው።

ሽቦና_ማሳ

አጭር ግን የሚረሳ ነገር። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ፍሬቻው ወይም የታርጋው መብራት ከብረት ፓራውልት ወይም ከማሰሪያው ላይ ማሳ (የኤሌክትሪኩን መመለሻ) ይወስድ ከነበረ አሁን አያገኝም። ምልክቱ ይታወቃል፦ መብራቱ ፈዘዝ ይላል፣ ፍሬቻ ሲበራ የሌላው መብራት አብሮ ይርገበገባል ወይም ፍሬቻው በጣም ይፈጥናል። ሰው አምፖል እየቀየረ ይከርማል። ከእያንዳንዱ መብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ጥቁር ሽቦ አውጥተህ ቀለሙ በተፋቀበት የሻሲ ቡሎን ላይ እሰር፣ ግራሶ ቀባው። ሽቦው ፋይበሩን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት ይግባ፤ የተቆረጠ ፋይበር ጠርዝ የሽቦ ልብስ እንደ ሞረድ ይበላል።

ማለዳ_ጋራዥ_ተማሪ

ከወረደው ኦሪጅናል ፓራውልት ላይ ፎርማ ወስዶ እዚሁ መሥራት አይቻልም? ከውጭ ከማስመጣት ይረክሳል ብዬ ነው።

ሬዚን_በሚዛን

ከትልቁ የአሜሪካ ፓራውልት ምን ልታወጣ? የምትፈልገው ቅርጽ የትንሹ ክሮም ፓራውልት ነው፤ እሱን ለሁለት ሳምንት የሚያውስ ሰው ካለ ይቻላል። አንድ ብቻ ለመሥራት ግን አያዋጣም፤ ፎርማው ከዕቃው ይበልጥ ሬዚን ይበላል። ውፍረቱ 5 ወይም 6 ሚሊ መሆን አለበት፤ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍም ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ በቡሎን የሚገናኝ ካልሆነ ዕቃው አይወጣም።

ክሮሙን በሰም አምስት ጊዜ ቅባ፣ በየመሃሉ ሰዓት ጠብቀህ አጽዳ፤ በላዩ ማላቀቂያ ፊልም ይቀባ። ጀልኮት በካሬ ሜትር 600 ግራም፣ ግማሽ ሚሊ ውፍረት። ሳስቶ ከተቀባ ወይም ሳይይዝ ማቱ ከተከተለው ከታች የሚመጣው ስታይሪን ያሳብጠዋል፣ ፊቱ የአዞ ቆዳ ይመስላል። ሲነካ የሚያጣብቅ፣ ግን በጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ጊዜው ደርሷል። ለአንድ ፓራውልት 0.9 ካሬ ሜትር ብለህ አስላ፦ ጀልኮት 540 ግራም፣ በሦስት ንብርብር ማት 1.2 ኪሎ፣ ሬዚን 2.8 ኪሎ። ለብክነት 15 ከመቶ ጨምር።

ጀሶ ላይ ቅርጽ ቀርጸህ ልትነሳ ካሰብክ ጀሶው እስከ ውስጡ መድረቅና በቫርኒሽ መታሸግ አለበት፤ በክረምት ያ ብቻውን ሳምንታት ነው። ነጩ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ደግሞ ፖሊስተር ሲነካው እንደ ስኳር ይሟሟል።

ቀለም_በጥላ

ቀለሙ ላይ ስትደርሱ የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው፤ መቸኮል፣ ሰም እና ቀዳዳ።

አዲስ ፋይበር ከላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና እየሠራ ነው። ለጥፋችሁ በሳምንቱ ከቀባችሁት ፀሐይ ሲመታው የክሩ ቅርጽ በቀለሙ ውስጥ ይወጣል፣ ወይም ጥቃቅን እባጭ ይፈላል። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይቆይ፤ ፀሐይ ሲገኝ ይውጣ፣ ግን መኪናው ላይ እንደታሰረ ወይም በራሱ ቅርጽ በተሠራ ደገፋ ላይ። ግድግዳ ላይ ደግፎ ፀሐይ ማስመታት ያን የ9 ሚሊ ጥምዘዛ እንደገና መጋበዝ ነው። ሬዚን_በሚዛን ቀለሙ ይቆይ ያለው ለዚህ ነው። የሐምሌ እርጥበትም ለቀለም አይመችም።

ሰሙን ሳታጥቡ አትፋቁ። ከፎርማ የመጣ ዕቃ ሰምና ማላቀቂያ ፊልም አለበት። ፊልሙ በሞቀ ውሃ ይለቃል፣ ሰሙ በቅባት ማስለቀቂያ፤ ጨርቁን እየለወጣችሁ። መጀመሪያ የብርጭቆ ወረቀት ካስነካችሁት ሰሙን ወደ ጭረቱ ትቀብሩታላችሁ፣ ቀለሙም የዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ጉድጓድ ያወጣል።

ከዚያ በ180፣ ቀጥሎ በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ደረቁን ፋቁት። በዚህ ደረጃ ውሃ አይነካው፤ የተቆረጠ ጠርዝና የተበሳ ቀዳዳ ውሃ በክሩ በኩል ይጠጣል። ጠርዙን ሁሉ በሬዚን ዝጉ። መርፌ አናት የሚያህሉ ቀዳዳዎች ፕራይመር አይሞላቸውም፤ አየሩ ከሥር ሆኖ ይፈነዳቸዋል። አስፍታችሁ በስቱኮ ሙሉ፣ በስፓቱላ ጠርዝ እየጫናችሁ። ስቱኮ ከ3 ሚሊ አይለፍ።

ለብረት የሚሆነው አሲድ ያለበት ፕራይመር ፋይበር ላይ ምንም አይሠራም። ኢፖክሲ ፕራይመር አንድ እጅ፣ በላዩ ወፍራሙ ባለ ሁለት ክፍል ፕራይመር ሁለት ወይም ሦስት እጅ፣ ሲደርቅ በ500 ወይም 600 በውሃ። ቀለም ቤቱ ምድጃ ካለው ከ60 ዲግሪ አይለፍ።

ስለ አቧራው፦ ስትፋቁ ለአቧራ የተሠራ ጭንብል፣ ሬዚን ስትነኩ ለኬሚካል ተን የሚሆን ካርትሪጅ ያለው ጭንብል። አፍን በነጠላ መጠቅለል ከሁለቱም አያድንም፤ ክሩ ነጠላው ውስጥ ይቀርና ቤት ድረስ ይከተላል። ሲያሳክክ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ እንጂ አትሹት።

አዘዞ_በር

ፓራውልቱ ከሥሩ የሚወርድ ከንፈር ካለው ከመቅባቱ በፊት መንገድህን አስብ። ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የሚተርፍ ነገር አይደለም። ከወለል እስከ ከንፈሩ ከ150 ሚሊ በታች ከሆነ ከንፈሩን ቁረጠውና ለብቻው በአራት የናይሎን ቡሎን እሰረው፤ ሲመታ ቡሎኑ ይሰበራል፣ ፓራውልቱ ይተርፋል። የአየር መግቢያውንም ለውበት ብለህ አታጥብበው። ከፍታችን ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ክፍት ውሃም 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ራዲያተሩ በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ያነሰ ነው የሚያገኘው። ታርጋውን ከአየር መግቢያው ፊት ማንጠልጠልም ያው መድፈን ነው።

አንጋፋ_ሞተር

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆቼ። ይህ ፓራውልት መልክ እንጂ መከላከያ አይደለም። መኪናው ቢበላሽ መጎተቻ ገመድ በእሱ ማሰሪያ ላይ እንዳይታሰር፤ መጎተቻ ቀለበት ከሻሲው ለብቻ ይውጣለት። እ.ኤ.አ. በ1972 አባርት (የፊያት የእሽቅድምድም ክፍል) ያወጣው የ124 ራሊ እንኳ ኮፈኑ ፋይበር ሲሆን ፓራውልት ጨርሶ አልነበረውም፤ በቦታው ትናንሽ የጎማ መግጫ ነው የነበረው። ለክብደት ብቻ ከሆነ ያም አንድ መንገድ ነው።

ፒያሳ124

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ሁላችሁንም። ከንፈሩ ተሰንጥቆ መኪናው ላይ ታስሯል፤ የላይኛው ጠርዝ ልዩነት 1 ሚሊ ነው፣ ክፍተቱ ግራ 5፣ ቀኝ 6። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የኋለኛው ሲሞከር የጭስ ማውጫው ጫፍ ከፓራውልቱ የታችኛው ጠርዝ 15 ሚሊ ብቻ ይርቃል። ይበቃል?

የማራኪ_ባትላሜራ

አይበቃም። ተራ ፖሊስተር ከ60 እና 70 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል፤ ቀለሙ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይፈላል። ቧንቧው ደግሞ በጎሚኒ (በጎማ ማንጠልጠያ) ስለተንጠለጠለ ይወዛወዛል፤ ቆሞ 15 ሚሊ የሆነው ማርሽ ሲገባ 5 ሊሆን ይችላል። ከ50 ሚሊ በላይ አድርገው፤ መጀመሪያ ያረጀውን ጎሚኒ ቀይር፣ ብዙውን ጊዜ ቧንቧው የሚጠጋው ጎሚኒው ተለጥጦ ሲጣመም ነው። ጫፉም ከፓራውልቱ ጠርዝ 20 ሚሊ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ውስጥ ከቀረ ጭሱ ከሥሩ ይታፈናል። ካልሆነ ከጀርባው በ10 ሚሊ ርቀት ላይ በቱቦ ማስጠጊያ የተያዘ ቀጭን የአሉሚኒየም ሉህ አድርግ፤ ፋይበሩ ላይ የተለጠፈ አይሁን፣ አየር በመካከላቸው ይለፍ። ሞተሩን አስነስተህ 20 ደቂቃ ቆሞ ይሥራ፣ እጅህን ከፓራውልቱ ፊት ላይ አድርግ። ማሳረፍ ካቃተህ ገና አልራቀም።